የሕዋሳት የኃይል መቆጣጠሪያ ብግነትን እንዴት ይገታል?

ከጂቡቲ ከተማ ሦስት ኮሚዩኖች አንዷ በሆነችው ቡላኦስ፣ በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ሜትፎርሚን የሚወስዱ ነዋሪዎች በሙቀት ወይም በረመዳን ጾም ወቅት ከሐኪማቸው ጋር መመካከር ይኖርባቸዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ኤኤምፒኬ የተሰኘውን ኢንዛይም ማወቅ ይረዳል።

ኤኤምፒኬ ምንድን ነው?

ሕዋሳት ሥራቸውን የሚያከናውኑት ኤቲፒ በተባለ የኃይል ምንጭ ነው። ኤቲፒ ሲጎድል ኤኤምፒኬ ይነቃል። ስብና ኮሌስትሮል መሥራትን ይቀንሳል፤ ስብ እንዲቃጠልና ጡንቻ ከደም ስኳር እንዲወስድ ያደርጋል። የሰውነት እንቅስቃሴም ያነቃዋል።

ከብግነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው ምላሽ ነው። ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲን ምልክት ሲደርሰው ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ፣ ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞች እንዲመረቱ ያዛል። ይህ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ኤኤምፒኬ ሲነቃ፣ በአብዛኛው ሰርት1ን በመሳሰሉ ሌሎች ፕሮቲኖች በኩል፣ ይህን ትእዛዝ ያዳክማል።

ከመጠን ባለፈ ውፍረት ግን ሚዛኑ ይዛባል። በአውሮፓውያኑ 1993 የወጣ ጥናት በወፈሩ አይጦች የስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ቲኤንኤፍ በብዛት እንደሚመረትና የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያውክ አሳይቷል።

መድኃኒቱስ?

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕመም የማዋሉን ውጤት ያሳተሙት በ1957 ነበር። መድኃኒቱ ኤኤምፒኬን እንደሚያነቃ የታወቀው ግን በ2001 ነው። በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ በጉበታቸው ኤኤምፒኬ በሌላቸው አይጦችም ስኳርን እንደሚቀንስ አሳየ፤ ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የአስፒሪን ውላጅ የሆነው ሳሊሲሌት ኢንዛይሙን በቀጥታ እንደሚያነቃ የታወቀው በ2012 ነው።

ጥንቃቄ

ይህ ግኝት ሜትፎርሚንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ለብግነት» መውሰድን አይደግፍም። ብግነት ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚመክትበት መሣሪያም ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ በሙቀት፣ በተቅማጥ ወይም በትውከት ሳቢያ የሰውነት ፈሳሽ በእጅጉ ሲቀንስ መድኃኒቱ ሊጠራቀምና ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ ሊበዛ ይችላል። ይህ እምብዛም ባያጋጥምም ለሕይወት አስጊ ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ መጠኑና ሰዓቱ በሐኪም መወሰን አለበት።