ሃያ ሰማንያ

«ሃያ ሰማንያ ደረሰኝ» ያለን ሰው የአዲስ አበባ ነዋሪ «ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። የኮንዶሚኒየም ቤት እጣ ወጥቶለታል፤ እንኳን ደስ አለህ ይባላል። ዛሬ የቤት መጠሪያ ይሁን እንጂ ቁጥሩ የክፍያ ውል ነው፦ ባለዕድሉ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ ይከፍላል፣ ቀሪውን 80 በመቶ ባንክ ያበድረዋል። በዚሁ ስሌት የተሰየሙት 10/90 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ 40/60 ደግሞ የተሻለ መቆጠብ ለሚችሉ የተዘጋጁ ናቸው።

ቁጥሩ የማይጠራው ወገን የከተማው አስተዳደር ነው። መሬቱን የሚያቀርበው እሱ ነው፤ የግንባታውንም ገንዘብ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠ ሲያመጣ ቆይቷል። ቤቱ ለባለዕድሉ ሲተላለፍ የሚገኘው ገንዘብ የቦንዱን ዕዳ ይከፍላል። እንግዲህ ሕንፃው ተጀምሮ በቆመ ቁጥር ወለዱ በከተማው ላይ ይቆጥራል፤ ቆጣቢውም በአንድ እጁ የቤት ኪራይ፣ በሌላው የባንክ ደብተር ይዞ ይጠብቃል። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው። ይህ ያንገበግባል፤ የቆጠቡት ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው ነውና።

እጣ ወጥቶላቸውም ሃያው የሚከብዳቸው አሉ። ቅድሚያ ክፍያውን ተበድረው ከፍለው፣ የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ ለመሸፈን ቤቱን ያከራዩና እነሱ ራቅ ብለው በርካሽ ይከራያሉ። በእኔ እምነት ለእነዚህ ሰዎች ድጎማ መግባት የነበረበት ሃያው ላይ ነው።