ዞሪላ

ዞሪላ ከሰሃራ በታች ባለው ሰፊ የአፍሪካ ክፍል፣ ከሴኔጋል እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ትንሽ ሥጋ በል ጡት አጥቢ ነው። በአረብኛ «አቡል-አፈን» ይባላል፤ የግማት አባት ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በመከላከያ መሣሪያው፣ በግማቱ ነው።

ጥቁር ጸጉሩን ከራሱ እስከ ጭራው አራት ነጭ መስመሮች ስለሚያቋርጡት ብዙዎች የአሜሪካው ስከንክ ይመስላቸዋል። ዝምድናቸው ግን ሩቅ ነው። ስከንክ የራሱ ቤተሰብ አለው፤ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የቤተሰቡ አባላት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች የሚኖሩ ጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው። ዞሪላ ደግሞ የሙስቴሊዴ ቤተሰብ ነው። ሁለቱ በተራራቁ አህጉራት፣ አንዱ ከሌላው ሳይወርስ፣ ወደ አንድ ዓይነት መከላከያ ደረሱ፤ ከአራዊት ታሪክ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ጥቂት ነው። ጥቁርና ነጩ ቀለም በጨለማም ይታያል፤ ከሩቁ «አትቅረበኝ» ይላል።

አውሬ ወይም ውሻ ሲጠጋው ጀርባውን ያጎብጣል፣ ጸጉሩን ያቆማል፣ ጭራውን ሽቅብ ይዘረጋል፣ ያጉረመርማል። ካልተመለሰለት ዞሮ ከፊንጢጣው አጠገብ ካሉት እጢዎች የሚገማ ፈሳሽ ይረጫል። ይህም ካልበጀው የሞተ መስሎ ይተኛል። ግማቱ ማስጠንቀቂያው ካልሠራ የሚመጣ እርምጃ እንጂ የጠብ መጀመሪያ አይደለም። በመኪና መንገድ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅመውም፤ ተሽከርካሪ የሚገድለው ብዙ ነው።

ቀን በጉድጓድ ይተኛል፤ ራሱ ይቆፍራል፣ ሌላው የተወውንም ይይዛል። ሲመሽ ብቻውን ወጥቶ በረጃጅም ጥፍሮቹ አፈር እየጫረ ጥንዚዛና እጭ ይለቅማል፤ አይጥ፣ እንሽላሊት፣ እባብና የወፍ እንቁላልም ይበላል። አይጥ ለሚያስቸግረው ገበሬ ባለውለታ ነው። ሴቷ 36 ቀን ያህል አርግዛ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ግልገል ትወልዳለች፤ የግልገሎቹ ዓይን የሚገለጠው 40 ቀን ሊሞላቸው ሲል ነው።

በሱዳን፣ ከዋና ከተማዋ ከካርቱም በስተሰሜን መሬቱ አሸዋ ይሆናል። በሰሃራ ዳርቻ የሚኖረው ከዞሪላ የሚያንሰው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ፊቱን ነጭ ቀለበት ይዞረዋል፣ እሱም ይረጫል። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ግብፅን፣ ኑብያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ባሰሱት ጀርመናውያን በሄምፕሪክና በኤረንበርግ ስም ነው። ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ናሙናዎቻቸው ግን በርሊን ደረሱ።

የሱዳንን አራዊት ናሙና ለአገሬው ተማሪ ያቆየለት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። በሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ሲነሣ ጠባቂዎች ሊደርሱበት አልቻሉም፤ በውስጡ ይኖሩ የነበሩት እንስሳት አለቁ፣ ኋላም ለዓመታት የተሰበሰበው ናሙና በእሳት ወደመ።