የተዳፈነው ፍም

እናቶቻችን ማታ እሳት ሲያዳፍኑ ፍሙን አመድ ያለብሱታል። ምድጃው ሲያዩት የጠፋ ይመስላል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ግን ቦግ ይላል። የሳምባ ነቀርሳም ጠባዩ ይኸው ነው። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በጀርሙ እንደተያዘ ይገመታል። ከተያዙት ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከመቶ አምስት እስከ አሥር ብቻ ናቸው። የቀሩት ሳያስሉ፣ ሳይከሱ፣ በሌላ ሰው ላይ ሳያጋቡ ይኖራሉ። ታዲያ ፍሙ የሚነድደው በማን ደረት ውስጥ ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ጀርም ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 24 ቀን 1882 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በ1890 ቱበርኩሊን የተባለ፣ ከጀርሙ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይዞ ብቅ ሲል መድኃኒቱ ተገኘ ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። ተስፋው ብዙ አልቆየም፤ ፈሳሹ አላዳነም። ሆኖም ለፈውስ ያልበቃው ነገር ለምርመራ በቃ። በ1907 ኦስትሪያዊው ፎን ፒርኬ ቆዳን ጫር አድርጎ ሞከረው፤ በ1908 ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቀጭን መርፌ ቆዳ ውስጥ መውጋትን አስተዋወቀ። የማንቱ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክንዱ ላይ ያበጠው ጠጣር ቦታ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ተመርማሪው መመለስ አለበት። አሶሳንና አካባቢዋን እናስብ። የቤንሻንጉል ምድር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው፤ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር። ዛሬም በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚዘዋወረውን ሰው «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ማለት ቀላል ነው፤ መመለሱ ግን ቀላል አይደለም። ከድንበሩ ማዶ የመጡ ስደተኞችም አሉ። የሸርቆሌ መጠለያ በ1997 ተከፈተ፤ በ2011 በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ በ2012 የባምባሲ መጠለያ ተጨመረ። መጨናነቅ ጀርሙን ከሰው ወደ ሰው ያዛምታል፤ ረኃብ ደግሞ የተዳፈነውን ፍም ይቆሰቁሳል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ቢሲጂ የተከተበ ሰው ክንዱ ሊያብጥና ጀርሙ ያለበት ሊመስል ይችላል። ክትባቱ የማያሳስተው የደም ምርመራ ቢኖርም ላቦራቶሪና ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የቆዳውም ሆነ የደሙ ምርመራ የሚናገረው ሰውነት ከጀርሙ ጋር መተዋወቁን ብቻ መሆኑ ነው። ነገ ማን እንደሚታመም አይለይም።

ይህን ለመለየት በተደረገው ጥረት አገራችንም ድርሻ አላት። በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ከደቡብ አፍሪካና ከጋምቢያ ተመራማሪዎች ጋር ተባብሯል። ከበሽተኞች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ጤነኞች ደም ተመረመረ። በ2018 የታተመው ውጤት በአራት ጂኖች እንቅስቃሴ ሕመሙን አስቀድሞ መጠቆም እንደሚቻል አሳየ። ደስታው ግን በልክ መሆን አለበት። በ2021 የታተመ አንድ የደቡብ አፍሪካ ጥናት በሌላ የጂን ምልክት ተመርጠው የመከላከያ መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች መድኃኒቱ ካልተሰጣቸው ያነሰ እንዳልታመሙ አረጋገጠ። ትንበያ ብቻውን ፈውስ አይሆንም።

እስከዚያው የምናውቀው አለ። በተያዘ ሰው ላይ ሕመሙ የሚያይለው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከበሽተኛ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች፣ በሽታው እንዳልጀመራቸው ከተጣራ በኋላ፣ የቆዳም የደምም ምርመራ ሳይጠበቅ የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ ለአሶሳ ገጠር የጂን መመርመሪያው እስኪደርስ፣ የጤና ሠራተኛዋ «ከበሽተኛው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚያድረው ማነው?» ብላ መጠየቋ ትልቅ ትንበያ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።