የቤት ውስጥ ጥቃት (በኢትዮጵያ)

በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው የሚፈጸም አካላዊ፣ ወሲባዊና ሥነ ልቦናዊ በደል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 63 በመቶ ሴቶች፣ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል።

በሕክምና ቦታ ዋናው ነገር ተጎጂዋን መጠየቅ ነው። ፊቷ ያበጠ ሴት፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ስትል፣ ነርሷ ለብቻዋ ካላነጋገረቻት ካርዱ ላይ የሚሰፍረው መውደቋ ብቻ ነው። ከሕክምና ውጭ ደግሞ ሽምግልና ብዙ ትዳር ከመፍረስ አድኗል፤ ዱላ ወዳለበት ቤት ግን ሚስትን «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ መመለስ ሕይወቷን ለአደጋ መስጠት ነው።

በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል የጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎችን ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና የሕግ አገልግሎት አንድ ቦታ አሰባስቧል፤ ተጎጂዋ ያንኑ ሕመም ከቢሮ ቢሮ እየዞረች እንዳትተርክ።