ለድረ ገጽ ሰርቨር ሎግ የሚስማማ ዳታቤዝ፦ ከዳባት የክትትል መዝገብ ጋር በማነጻጸር

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። በእንዲህ ዓይነት ክትትል እያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር አለው፤ ቢወልድም፣ ቀበሌ ቢቀይርም፣ ቢሞትም ሁነቱ ከዚያው ቁጥር ጋር ይያያዛል። ከሞቱ በኋላ ፍልሰት የተመዘገበለት ሰው ቢገኝ ዳታቤዙ ስሕተቱን መያዝ አለበት። የተሳሰሩ ሰንጠረዦች ያሉት ዳታቤዝ እዚህ ግድ ነው።

የሰርቨር ሎግ ጠባይ ሌላ ነው። አንዱ መስመር የጎብኚውን አይፒ አድራሻ፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቀውን ገጽና የመልሱን ኮድ ይይዛል፤ አንዴ ከተጻፈ አይታረምም። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ ስለ ድምር ነው፦ የተማሪዎች ምዝገባ በተከፈተበት ሰዓት ስንት የገጽ ጥያቄ በ500 (በሰርቨሩ የውስጥ ስሕተት ኮድ) ተመለሰ?

እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም በቀን 50,000 መስመር ቢጽፍና አንዱ መስመር 200 ባይት ቢሆን በዓመት የሚከማቸው 3.65 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለዚህ መጠን ኢላስቲክሰርች የተባለውን የፍለጋ ሞተር መትከል አላስፈላጊ ወጪ ይመስለኛል፤ በጽሑፍ ውስጥ ቃል ለመፈለግ ብርቱ ቢሆንም ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል። ክሊክሃውስ የተባለው ዳታቤዝ መረጃን በዓምድ ስለሚያስቀምጥ ለድምር ስሌት እጅግ ፈጣን ነው፤ ተራው ግን መስመሩ በቢሊዮን ሲቆጠር ነው። ለአሁኑ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይበቃል። ሰንጠረዡን በጊዜ መከፋፈል ያስችላል፤ ብሪን የተባለው ኢንዴክሱም የእያንዳንዱን የዲስክ ገጾች ስብስብ መነሻና መድረሻ ጊዜ ብቻ ስለሚይዝ ቦታ አይፈጅም።

ክፍፍሉ ግን በፈረንጆች ወር መሆን የለበትም። የእኛ መስከረም የእነሱን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ስለሚነካ የአንድ ወር ሪፖርት ሁለት ክፍል ያስነብባል። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ይቀመጥ፤ የክፍሎቹ ድንበር በኢትዮጵያ ወራት ይሁን፤ ጳጉሜንም ራሷን ችላ ትቁም። እኩለ ሌሊታችን በዓለም አቀፉ ሰዓት 21:00 መሆኑም አይዘንጋ።

በጊዜ መከፋፈሉ ለግል መረጃ ጥበቃም ይረዳል። በሎጉ ያለው አይፒ አድራሻ ከሌላ መረጃ ጋር ተጣምሮ ሰውን ሊያሳውቅ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንዲህ ያለ መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ አልፎ እንዳይቆይ ይጠይቃል። በጊዜ በተከፋፈለ ሰንጠረዥ ያረጀውን ወር መጣል የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ባልተከፋፈለው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር እየለቀሙ መሰረዝ ይጠይቃል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሰንጠረዡን ሲቀርጹ ሎጉ የሚቆይበትን ጊዜ አብረው ይወስኑ።