ዝናቡ እስኪያባራ

የቤዝቦልን ጨዋታ የሚያበቃ ሰዓት የለም። እግር ኳስ 90 ደቂቃው ሲሞላ ያልቃል፤ ቤዝቦል ግን ቡድኖቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ዙር ተጫውተው እስኪለያዩ ይቀጥላል። ዝናብ ከመጣ ሠራተኞች ሜዳውን በትልቅ ሸራ ይሸፍኑታል፤ ተመልካቹም ይጠብቃል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ የቺካጎ ከብስና የክሊቭላንድ ቡድን ዘጠኙን ዙር 6 ለ 6 ጨረሱ። ዝናብ ጣለ፤ ጨዋታው ለ17 ደቂቃ ቆመ። የቺካጎ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ተመካከሩ፤ ሲያባራ ወጥተው 8 ለ 7 አሸነፉ። ለዋንጫው 108 ዓመት ጠብቀዋል፤ 17 ደቂቃ ምን አላት?

እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ይህን ታሪክ ሳነብ የገረመኝ ሸራው ነው። በእኛ አገር ሜዳውን ከዝናብ የሚከላከለው ሸራ ሳይሆን የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ለቤዝቦል የሚቀርበው የእኛው ጨዋታ ገና ነው፤ ቆልማማ ዱላና ሩር። የሚጫወቱት ታኅሣሥ 29 አካባቢ፣ አዝመራው ተሰብስቦ መስኩ ሲደርቅ ነው። ጉግሱም ለጥምቀት ነው። ዝናቡን የማይፈራው የቡሄ ጅራፍ ብቻ ነው፤ እሱም ነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ክረምቱ ሊወጣ መቃረቡን ያበስራል።

ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ጦርነትም ዝናብን ይጠብቅ ነበር። ወንዝ ሲሞላ ሠራዊት አይንቀሳቀስም። ራስ ጉግሳ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንትም ሆኑ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ክረምቱን ካሳለፉባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተነሡት የ1859 ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም.። እንግሊዞችም ቢሆኑ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ከአገር ለመውጣት ይጣደፉ ነበር።

ኳሱም ሲመጣ ይህንኑ ልማድ አገኘ። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በሁለተኛው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ተመርታ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ በበጋ። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ካፍ በካሜሩን ለሰኔና ሐምሌ አስቦት የነበረውን ዋንጫ ዝናቡን ፈርቶ ወደ ጥር መለሰው። ኮቪድ ደግሞ አንድ ዓመት ጨመረበትና ዋልያዎቹ ያውንዴ ላይ የተጫወቱት በጥር 2014 ነው። አንድ ሙሉ ዋንጫ በዝናብ ምክንያት ቀኑን ቀየረ ማለት ነው፤ የእኛ ገበሬ ቢሰማ አይደነቅም።

ግን የዛሬ ኳስ ሁልጊዜ በጋን አይጠብቅም። ባሕር ዳር ወርጄ በዝናብ የተቋረጠ ጨዋታ ገጥሞኛል። ዳኛው ኳሷን ሜዳው ላይ ጣል አደረጋት፤ አልነጠረችም፤ ውኃው ላይ ተኝታ ቀረች። ከኋላዬ አንዱ ዝናቡን መርገም ጀመረ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለእኔም እያካፈሉ፣ «ተው ልጄ፣ ዝናብ እኮ አይሰደብም። እሱ ከሌለ ማን በልቶ ይጫወታል?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ቆሎ ያለው ቆሎ አወጣ፤ የማይተዋወቅ ሰው ስለ ጤፍና ስለ አጥቂዎች ማውራት ያዘ።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ደጋፊ ትኬት ሲቆርጥ የሚገዛው ጨዋታውን ብቻ ይመስለዋል። ዝናብ ሲጥል ግን ጎረቤቱን ያገኛል። የደጋው ሰው ይህን በየክረምቱ ሲኖረው ኖሯል፤ ሥራውንም፣ ሠርጉንም፣ ጨዋታውንም ለሰማይ ትቶ እሳት ዳር ተሰብስቦ ሲያወራ። መጠበቅን እንደ ባከነ ሰዓት የቆጠረው የእኛ ዘመን ነው።