ርካሽ ትኬት፣ ሙሉ መብት፦ በረራው የተሰረዘበት መንገደኛ ሕጋዊ ታሪክ

በኤፕሪል 2010 አንዲት መንገደኛ በደቡብ ፖርቱጋል ከምትገኘው ከፋሮ ከተማ ወደ ደብሊን የሚመልሳትን አውሮፕላን ትጠባበቅ ነበር። ትኬቱን ከሁለት ወር በፊት የገዛችው በአነስተኛ ዋጋ ከሚያጓጉዘው ከራያንኤር ሲሆን፣ የከፈለችውም 98 ዩሮ ነበር። የጉዞዋ ቀን ኤፕሪል 17 ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ቀን አስቀድሞ በአይስላንድ ኤያፍያላዮኩል የተባለው እሳተ ገሞራ አመድ መትፋት ጀመረና የሰሜን አውሮፓ ሰማይ ለበረራ ተዘጋ። መንገደኛዋ ደብሊን የገባችው ኤፕሪል 24 ነበር። በነዚያ ቀናት ለማደሪያ፣ ለምግብና ለመጓጓዣ ከኪሷ ያወጣችውን 1,130 ዩሮ ገደማ እንዲተካላት ኩባንያውን ጠየቀች። ኩባንያው አልከፍልም አለ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

እሳተ ገሞራውን ያስነሣው ኩባንያው አይደለም። ታዲያ በ98 ዩሮ ትኬት ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ወጪ እንዴት ይጠየቃል? ጥያቄው የአንዲት መንገደኛና የአንድ ኩባንያ ክርክር ብቻ አልነበረም። በርካሽ የገዛ ሰው የገዛው መብትም ርካሽ ነውን? ይህ ጥያቄ ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሚዘልቅ ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያውን ለመጠበቅ የተጻፈ ሕግ

የዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ሕግ መሠረት የተጣለው ኦክቶበር 12 ቀን 1929 በዋርሶ በተፈረመው ስምምነት ነው። በዚያ ዘመን አቪዬሽን ገና ጨቅላ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ትናንሽ፣ አደጋው ብዙ፣ ኩባንያዎቹም አቅመ ደካሞች ነበሩ። ስለዚህ የስምምነቱ አርቃቂዎች ትልቁ ጭንቀት አንድ አደጋ አንድን ኩባንያ ጠራርጎ እንዳያጠፋው ነበር። በአንድ መንገደኛ ሞት ወይም ጉዳት የሚጠየቀው ካሳ በ125,000 ፍራንክ እንዲገደብ ያደረጉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስምምነቱ በ19ኛው አንቀጽ አጓጓዡ በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን ጉዳቱን የማስረዳት ሸክም በመንገደኛው ጫንቃ ላይ የወደቀ ነበር። ጨርሶ ስለተሰረዘ በረራ ስምምነቱ የሚናገረው የለም። በ1999 በሞንትሪያል ተፈርሞ በ2003 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ስምምነት ብዙ ነገር ቢያሻሽልም፣ በዚህ ረገድ የአባቱን መልክ እንደያዘ ቀረ። ኬንያ በ2002፣ ታንዛኒያ በ2003፣ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ዘግየት ብላ የተቀላቀሉት ይህ ስምምነት በመዘግየት ለሚደርስ ጉዳት ጣሪያ አበጅቷል፤ ስለ መሰረዝ ግን ራሱን የቻለ ደንብ አላወጣም።

ርካሹ በረራ መጣ

ለብዙ አሥርት ዓመታት የአየር ጉዞ የሹማምንትና የባለጸጎች ጉዳይ ነበር። ዋጋውን መንግሥታትና ኩባንያዎች ተስማምተው ይወስኑት ነበር። ይህን አጥር ከደፈሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍሬዲ ሌከር ነው። ስካይትሬይን የተባለው አገልግሎቱ በሴፕቴምበር 1977 ከለንደን ወደ ኒውዮርክ በ59 ፓውንድ ማጓጓዝ ጀመረ። ሕዝቡ ለትኬት ተሰለፈ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1978፣ አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋን ለገበያ የሚተው ሕግ አወጣች።

በፌብሩዋሪ 1982 ግን የሌከር ኩባንያ በድንገት ከሰረና መንገደኞቹ በየአውሮፕላን ጣቢያው ቀሩ። የርካሹ በረራ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይህ ነበር፤ ዋጋው ብዙ ሰው ወደ ሰማይ አውጥቷል፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ሕግ ግን ገና አልተጻፈም።

በዚያው ዘመን ሌላ ክርክር በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር በኤፕሪል 1972 የተረጋገጠ ትኬት ይዞ ከዋሽንግተን ለመሳፈር ሲቀርብ ቦታ የለም ተባለ። አሌጌኒ የተባለው አየር መንገድ ከመቀመጫዎቹ በላይ ትኬት ሸጦ ነበር። ኔደር ከሰሰ። በ1976 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክስ በመደበኛ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ቦታ ሲጠብ አየር መንገዶች አስቀድመው ፈቃደኛ መንገደኛ እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። “ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል” የሚለው የአበው ብሂል ለኩባንያም መሥራት የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

የአውሮፓ እርምጃ

አውሮፓ በ1991 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች፤ ትኬት እያለው እንዳይሳፈር ለተከለከለ መንገደኛ እንደ ርቀቱ ካሳ እንዲከፈለው አዘዘች። ይሁን እንጂ ደንቡ በረራው ጨርሶ ለተሰረዘበት መንገደኛ አልደረሰለትም። ክፍተቱ ቀላል አልነበረም። ተሳፋሪ ያነሰበትን አውሮፕላን ሰርዞ መንገደኛውን ወደሚቀጥለው በረራ መጠቅለል ለኩባንያው ወጪ የሚቆጥብ ዘዴ ነበርና።

በ1990ዎቹ የአውሮፓ ሰማይ ለውድድር ሲከፈት በርካሽ የሚያጓጉዙ ኩባንያዎች ተስፋፉ። ኢዚጄት በኖቬምበር 1995 ከሉተን ወደ ግላስጎ በ29 ፓውንድ በረራ ጀመረ። የነዚህ ኩባንያዎች ሥልት ግልጽ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያርፍ ይመላለሳል፣ ተቀያሪ አውሮፕላን ሥራ ፈትቶ አይቆምም፣ ምግቡም ሻንጣውም በተጨማሪ ክፍያ ነው። ዋጋውን የሚያረክሰው ይኸው አሠራር፣ ጠዋት አንድ አውሮፕላን ሲበላሽ የቀኑ በረራ ሁሉ እንዲናጋ ያደርጋል።

የአውሮፓ ኅብረት በፌብሩዋሪ 2004 ያወጣውና ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2005 ጀምሮ የሠራው 261ኛው ደንብ ለዚህ መልስ ነበር። ደንቡ ሦስት የተለያዩ መብቶችን ደነገገ። አንደኛው ምርጫ ነው፤ በረራው የተሰረዘበት መንገደኛ ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ በረራ ወዳሰበበት እንዲደርስ ይመርጣል። ሁለተኛው እንክብካቤ ነው፤ እስኪሳፈር ድረስ ምግብ፣ ማደር ካስፈለገም ሆቴልና ወደ ሆቴሉ የሚወስደው መጓጓዣ ይቀርብለታል። ሦስተኛው ካሳ ነው፤ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ። ኩባንያው ስረዛውን ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ካስታወቀ፣ ወይም ሊያስቀረው በማይችለው ልዩ ሁኔታ ምክንያት መሆኑን ካስረዳ ካሳ አይከፍልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በልዩ ሁኔታም ጊዜ ቢሆን ጸንተው ይኖራሉ። ብዙ መንገደኛ ዛሬም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ “አየሩ ከፍቶ ነው” ሲባል መብቱ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል።

“ካሳው ከትኬቱ በለጠ”

የርካሽ አየር መንገዶች ማኅበር ደንቡን ሳይውል ሳያድር ተሟገተው። በ30 ወይም በ40 ዩሮ ለተሸጠ ትኬት 250 ዩሮ መክፈል ከሚዛን የወጣ ነው፤ ዋጋችን ዝቅተኛ እንደ መሆኑ ግዴታችንም ሊቀንስ ይገባል የሚል መከራከሪያ አቀረበ። መከራከሪያው ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በጃንዋሪ 10 ቀን 2006 በሰጠው ፍርድ አልተቀበለውም። በረራ ሲሰረዝ በመንገደኛው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ለትኬቱ በከፈለው ዋጋ አይለካም፤ ርካሽ የገዛውም ውድ የገዛውም የሚያጡት ያንኑ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም እኩል ጥበቃ ይገባቸዋል። የዚህ ታሪክ እምብርት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ፍርድ በፍርድ ላይ ተደራረበ። በዲሴምበር 2008 ፍርድ ቤቱ ተራ የቴክኒክ ብልሽት የአየር መንገድ የዕለት ተዕለት ሥራ አካል እንጂ ልዩ ሁኔታ አይደለም አለ። በኖቬምበር 2009 ደግሞ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ፣ በረራው እንደተሰረዘበት ሰው ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ወሰነ።

በመጨረሻም የፋሮዋ መንገደኛ ጉዳይ ቀረበ። ኩባንያው እሳተ ገሞራው “ከልዩም በላይ ልዩ” ስለሆነ ከእንክብካቤ ግዴታም ነጻ ሊያደርገኝ ይገባል ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 31 ቀን 2013 እንዲህ ያለ መደብ በሕጉ ውስጥ የለም ሲል መለሰ። እንክብካቤው የቀንም የገንዘብም ገደብ የለውም፤ መንገደኛውም የሚያስመልሰው አስፈላጊና ተገቢ የሆነውን ወጪ ብቻ ነው። ችግሩ በረዘመ መጠን መንገደኛው ይበልጥ ይቸገራልና፣ ጥበቃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ፍርድ ብቻውን ግን አሠራርን አይለውጥም። በሴፕቴምበር 2017 ራያንኤር የአብራሪዎቹን ዕረፍት በአግባቡ ስላላቀደ በስድስት ሳምንት ውስጥ 2,000 ያህል በረራዎችን፣ ቀጥሎም ለክረምቱ የታቀዱ 18,000 በረራዎችን ሰረዘ። የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሌላ አየር መንገድ የመጓዝ መብታቸውን ለመንገደኞች በትክክል አልነገረም ብሎ እርምጃ ከጀመረ በኋላ ነው ኩባንያው ማስታወቂያውን ያስተካከለው።

ወደ እኛ ሰማይ

ርካሹ በረራ ወደ አካባቢያችንም ዘልቋል። ኤር አረቢያ በ2003 ከሻርጃ፣ ፍላይዱባይ በ2009 ከዱባይ ጀመሩ። በኬንያ ስሙን ከናይሮቢ ሞምባሳ የደርሶ መልስ ዋጋ እንደወሰደ የሚነገርለት ፍላይ 540፣ በታንዛኒያ በ2012 የተጀመረው ፋስትጄት፣ በ2014 ደግሞ ጃምቦጄት ተከተሉ። ከነዚህ ሁለቱ የሌከርን ዕጣ ተጋርተዋል። የፋስትጄት የታንዛኒያ በረራ በ2018 መጨረሻ ተቋረጠ፤ የፍላይ 540ን ፈቃድ ደግሞ የኬንያ ባለሥልጣን በ2022 አገደ። በዚህ ጊዜ ትኬት በእጁ የያዘ መንገደኛ የሚጠይቀው ኩባንያ ራሱ በእግሩ አልቆመም።

አፍሪካ ሕግ የላትም ማለት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ የ1960 የንግድ ሕግ የአየር ማጓጓዣ ውልን የሚመለከት ክፍል አለው። በጃንዋሪ 2018 በአዲስ አበባ የታወጀው የአፍሪካ የጋራ የአየር ገበያም የተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት ደንብ በአባሪነት ይዟል። የጎደለው የተጻፈው ቃል በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ እንዲከበር የሚያደርግ ክትትል ነው።

ከአገር ውጭ የሚኖረው ወገናችን ደግሞ የሚጠብቀው ሕግ እንደሚነሣበት ቦታ ይለያያል። የአውሮፓው ደንብ ከኅብረቱ አገሮች የሚነሣን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል፤ አየር መንገዱ የአፍሪካ ወይም የባሕረ ሰላጤ ቢሆንም። ወደ አውሮፓ የሚመጣውን በረራ የሚሸፍነው ግን አጓጓዡ የኅብረቱ አየር መንገድ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትኬት ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሲሄድ ያለው መብት ሲመለስ ላይኖረው ይችላል። የእስራኤል የ2012 ሕግ ግን ወደ አገሪቱ የሚገባውንም ከአገሪቱ የሚወጣውንም በረራ ይመለከታል፤ ስምንት ሰዓት የዘገየውንም እንደተሰረዘ ይቆጥረዋል። በአሜሪካ በ2024 የወጣው ሕግ የተሰረዘ በረራ ገንዘብ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ እንደ አውሮፓው ያለ ካሳ ግን አልደነገገም።

ክርክሩ አላበቃም። በጁን 2025 የአውሮፓ ኅብረት ሚኒስትሮች ለካሳ የሚያበቃው መዘግየት ከሦስት ወደ አራትና ስድስት ሰዓት ከፍ እንዲል የሚል አቋም ሲይዙ፣ ከኅብረቱ ፓርላማ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። “ካሳው ከትኬቱ በለጠ” የሚለው የቆየ አቤቱታም በየመድረኩ ይሰማል።

ለዚህ አቤቱታ መልሱ ያው የ2006 ፍርድ ነው። በጣም ርካሹን ትኬት የሚገዛው ማን ነው? ከዓመታት በኋላ እናቷን ለማየት ደመወዟን ያጠራቀመች የቤት ሠራተኛ፣ ለሐዘን የሚደርስ ወንድም፣ ለፈተና የሚመለስ ተማሪ ነው። ባለጸጋው በረራው ቢሰረዝበት ሌላ ትኬት ይገዛል፤ ሆቴልም ይይዛል። ሕጉ የሚያስፈልገው ሌላ ትኬት መግዣ ለሌለው ነው። ስለዚህ መንገደኛ ሆይ፣ ትኬትህን አትጣል፤ የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቅ፤ ያወጣኸውን ወጪ ደረሰኝ ያዝ። የፋሮዋ መንገደኛ የረታችው ከኩባንያው ይልቅ ሀብታም ሆና ሳይሆን፣ የገባላትን ቃልና ያወጣችውን ወጪ ቆጥራ ስለጠየቀች ነው።